የሻው ጨጓራውን ያስቀነሰ ጊዜ

ላሊበላ ላይ የካህናት ካባና ቀሚስ የሚሰፋ የሻው የሚባል ሰው አለ። ሱቁ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጋር ግድግዳ ትዋሰናለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናውን ድምፅ ስሰማ ስለኖርኩ፣ ስለ እሱ ባወራ "ምን አገባህ?" የሚለኝ የለም። እሱ ራሱም "ንገርልኝ፤ ግን ወሬውን አታቅጥነው፣ ሐኪሟ የቀነሰችው ይበቃል" ብሎኛል።

የሻው ወፍራም ነበር። ደልደል ያለ ማለቴ አይደለም። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሜትር መቶ ሃምሳ ሴንቲ ነው፤ ወገቡ ላይ ሲዞር ግን ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። እሱ የተሳፈረበት ባጃጅ ሌላ ሰው አይጭንም። ታዲያ በውፍረቱ የሚቀልደው ሁልጊዜ ቀድሞ እሱ ስለነበር ሰው ሊያበሽቀው አይችልም።

ውፍረቱ ከየት መጣ ቢባል፣ ከመቀመጥም ከመጉረስም ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ነው። ካባ ሊለካ የሚመጣ ቄስ ከዝክር የተረፈ ድፎ ሳይዝ አይመጣም። ማኅበር ሲጠራ ደግሞ እናቶች "በሞቴ!" እያሉ ያጎርሱታል፤ የሻው የሰው ሞት አይወድም።

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም የአሸተን ማርያም አንድ አረጋዊ አባት ካባ አዘዙት። ሰፍቶ ሲጨርስ ልኩን ሊያይ ራሱ ይዞት ቤተ ክርስቲያኗ ወዳለችበት ተራራ ወጣ። የመንገዱን ሲሦ እንኳ ሳይጨርስ ዐይኑ ጨለመበት፣ ደረቱ ተጨነቀ፣ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ወሬው ተራራው ላይ ሲደርስ የሰማንያ ዓመቱ አባት በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ወረዱለትና እዚያው መንገድ ላይ ካባውን ደረቡት።

"ልክ ነው፣ ልጄ" አሉት። "ካባው ልክ ነው። አንተ ግን ልክ አይደለህም።"

የሻው ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ ማኅሌት ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስኳር ነበረበት፣ ደም ግፊትም። ተኝቶ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ድንገት ቀጥ ስለሚል፣ ማኅሌት ስንት ዓመት በክርኗ እየጎሰመች ስታስተነፍሰው ኖራለች። ለመቀነስም ያልሞከረው አልነበረም። ሁለቴ ዐሥር ዐሥር ኪሎ ጥሎ፣ ሁለቴም ከነወለዱ መልሶታል።

የቀዶ ጥገናውን ወሬ ያመጣለት ቱሪስት የሚያመላልሰው ሾፌር ኢያቄም ነው። ስልኩ ላይ አንዲት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ አይቶ ኖሯል። "አያ የሻው፣ ጨጓራህን ቆርጠው ይጥሉታል። በሁለት ወር እንደኔ ትቀጥናለህ። ከዚያ እንደ ልብህ ብትበላም አይታይብህም!"

"ይሄማ ጸሎቴ ተሰማ ማለት ነው" አለ የሻው፤ አዲስ አበባ ያለች ንጋት የምትባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስያዘ። ማኅሌት "እኔ ሳልሰማ ማንም አይቆርጥህም" ብላ አብራው ተነሣች። አውሮፕላን ውስጥ የወንበሩ ቀበቶ አልደርስ አለው። አስተናጋጇ ማራዘሚያ ስታቀብለው አላፈረም፤ ገልብጦ አየና "ስፌቱ ጥሩ ነው" አላት።

ዶክተር ንጋት ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዐይኗ ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ናት። መዘነችው፤ መቶ አርባ ሁለት ኪሎ።

"በቀን ምን ይበላሉ፣ አቶ የሻው?"

"ጠዋት ቁራሽ ዳቦ፣ ምሳ አንድ እንጀራ፣ ማታ እንዲያው ትንሽ ነገር።"

ማኅሌት ጉሮሮዋን ጠራረገች። "ዶክተር፣ ይሄ የሚለው የሌላ ሴት ባል ነው።"

ከዚያ እውነቱን ዘረዘረችው፤ ድፎውን፣ ጠላውን፣ ሱቅ ውስጥ በመሳቢያ የሚደበቀውን ኩኪስ ሳይቀር። ዶክተሯ ሳቀች፣ ቀጥሎ ግን ኮስተር አለች። "ከቀዶ ጥገናው በኋላ እኔን ከዋሹኝ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። ለመሆኑ ምን ብለው ነገሩዎት?"

"በሁለት ወር እቀጥናለሁ፣ እንደ ልቤ እበላለሁ።"

"ማን ነው ያለዎት?"

"ሾፌር ነው።"

"እንግዲያውስ እሱ መኪናውን ይንዳ" አለችና ወረቀት ላይ ጨጓራ ሳለችለት። ሆድ ላይ በሚበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው የጨጓራውን ሦስት አራተኛ እንደሚያወጡ፣ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ብቻ እንደሆነ፣ አንዴ የወጣው ተመልሶ እንደማይገባ አስረዳችው።

የሻው ስዕሉን በባለሙያ ዐይን አየው። "እጅጌ ማጥበብ ነው። ጠርዙ ይሰፋል ማለት ነው?"

"ይሰፋል።"

"ስፌቱ ቢተረተርስ?"

ዶክተር ንጋት እርሳሷን አስቀመጠች። "ስንት ሰው ይመጣል፣ ይህን የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። አልፎ አልፎ ያፈሳል። መድማት አለ፣ እግር ላይ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ መሄድ አለ። ብዙ ጊዜ አይደርስም። በጭራሽ አይደርስም ግን አልልዎትም፤ ሕይወቱ የሚያልፍም አለ፣ በጣም ጥቂት ቢሆንም።"

ማኅሌት ጉልበቱን ያዘችው።

"ዝም ብሎ መቀመጡም ሌላ አደጋ ነው" ቀጠለች ዶክተሯ። "ስኳርዎ፣ ግፊትዎ፣ ሌሊት የሚቋረጠው ትንፋሽዎ ቆመው አይጠብቁዎትም። መድኃኒትም አለ፣ ሌላ ዓይነት ቀዶ ጥገናም አለ፤ ቃር የሚበዛበት ሰው ሌላው ይሻለው ይሆናል። መርምሬ እነግርዎታለሁ። ግን የትኛውም ቢሆን እኔ መርፌውን ነው የማቀብለው፤ የሚሰፉት እርስዎ ነዎት።"

የሻው በሳምንቱ ተቆርጦ የሚመለስ መስሎት ነበር። እሷ ግን ሦስት ወር ቀጠረችው። በጉሮሮው ባስገባችው ቀጭን ካሜራ ስታይ ጨጓራው ላይ ባክቴሪያ ስላገኘች መድኃኒት ጀመረችለት፤ ሲተኛ አፍንጫው ላይ የሚያደርገው አየር የሚነፋ መሣሪያም ታዘዘለት። በዚያ ላይ የቤት ሥራ ሰጠችው፤ አላምጦ መብላት፣ ከምግብ ጋር አለመጠጣት፣ በየቀኑ መራመድ። ሊወጡ ሲሉ የሻው በሩ ላይ ቆመና ልቡን የከበደውን ጠየቀ።

"ዶክተር፣ ጾምስ?"

"ለመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ምግብና ያለ ውኃ መዋል አይችሉም። ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔም ከነፍስ አባትዎም ጋር እንመክርበታለን።"

የነፍስ አባቱ አባ ገብረ ዮሐንስ ናቸው፣ ቁጡ ባሕታዊ መሳይ ሰው። የሻው ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ተግሣጽ ነበር የጠበቀው።

"አባቴ፣ ያመት ጾም ሊያልፈኝ ነው። እግዜር የሰጠኝን ጨጓራ ማስቆረጥስ ኃጢአት አይሆንብኝም?"

አባ ገብረ ዮሐንስ ዝቅ ብለው አዩት። "የበሰበሰ ጥርስህን ያስነቀልክ ጊዜ ጠይቀኸኝ ነበር?"

"የለም፣ አባቴ።"

"እንግዲህ። ለታመመ ሰው ጾም ይፈታለታል፣ የቆየ ሥርዓት ነው። ግን ባዶ አልሰድህም። ከእህሉ ፈንታ ከሐሜት ትጾማለህ፤ የአንተ ሱቅ ስፌት ቤት ብቻ እንዳይደለ አውቃለሁ። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ባጃጅ እንዳላይህ። በእግርህ።"

የሻው ከሁለቱ የቱ እንደከበደው ስጠይቀው "ሐሜቱ!" አለኝ፣ ሳያስብ።

ሦስቱ ወር እንዲህ አለፈ። ማኅሌት ገበታ ላይ ፊቱ ተቀምጣ "አላምጥ፣ ገና ነው፣ አላምጥ" ትለዋለች። ኢያቄም በመኪና ሲያልፍ "ልሸኝህ?" ቢለው "አባ ያዩኛል!" ብሎ ይገሠግሣል። ሰባት ኪሎ ቀነሰ። ዶክተሯ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ፈረመች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ጉበቱ እንዲያንስ ተብሎ በፈሳሽ ምግብ ከረመ፤ ከዚያ ሆስፒታል ገባ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ከሰመመን በነቃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነርሷ "ይነሡ፣ እንራመድ" አለችው።

"አሁን? እኔ እኮ የተቆረጥኩ ሰው ነኝ!"

"ለዚያ ነው። ደም እንዳይረጋ።"

በማኅሌት ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ የሆስፒታል ቀሚሱ ከኋላው በስንጥቅ እየተገለጠ፣ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ስለ ቀሚሱ አሰፋፍ እስከ ዛሬ ያማል፤ አባ ይህንን ሐሜት ይቅር ብለውለታል። የመጀመሪያ ምሳው በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን የተለካ ውኃ ነበር። በሩብ ሰዓት ጠጣት፤ ጠገበ።

እዚህ ላይ ተረቱ አለቀ ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የሻው እንደሚለው ጨጓራው ጠበበ እንጂ ምኞቱ አልጠበበም። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤት የዶሮ ወጥ ሲሸት፣ ለብቻው የተፈጨ ምስር ሾርባ በሻይ ማንኪያ እየበላ እንባው መጣ። "ሆዴ አልራበም፤ ጭንቅላቴ ነው የራበው" አለኝ። ማኅሌት በየሳምንቱ ዶክተሯ ጋ ታስደውለው ነበር፣ ቀላል ለመሰለው ነገር ሳይቀር። በአራተኛው ወር ፀጉሩ መርገፍ ጀመረ። ደነገጠ። "ይመለሳል፤ ሽሮውን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን አስቀድመው ይብሉ፣ እንጀራውን ኋላ" ተባለ፤ እውነትም ተመለሰ። የሆዱ ቆዳ ግን ላላ፤ እሱ አልተመለሰም። "ሰፍቼ ማጥበብ የማልችለው ጨርቅ ይህ ብቻ ነው" ይላል።

በአምስተኛው ወር የማርያም ማኅበር ላይ ተጠራ። የሰፈራችን እናት አሰለች፣ ሁሌም ልጄ የሚሉት፣ ከስቶ ሲያዩት እጃቸውን ወደ መሶቡ ሰደዱ። "ምነው ልጄ ከሳህ! በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!" ብለው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። የሻው እንቢ ማለት አልቻለም። ዋጠው።

ወዲያው ደረቱ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለው። ላብ አጠመቀው፤ ወጥቶ ጓሮ አስመለሰው። ማኅሌት አፉን አጥባው ስትመለስ ማኅበርተኛው መሐል ቆመች።

"ከዛሬ ጀምሮ እሱን የሚያጎርስ ሰው፣ ቤቱ ወስዶ ያስታምመው!"

እናት አሰለች በጣም አዘኑ። ለይቅርታ በማግስቱ አንድ ሊትር ወተት ይዘው መጡና ማንኪያ በማንኪያ ሲጠጣ ተቀምጠው ጠበቁት። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አዲስ ወግ ተፈጠረ። የሻው ማኅበር ሲመጣ እናቶቹ ባንድ ድምፅ "በሞቴ፣ እንዳትበላ!" ይሉታል።

በዓመት ከመንፈቁ ዘጠና ሁለት ኪሎ ሆነ። የስኳር ክኒኑን ዶክተሯ ራሷ ቀስ በቀስ አስቆመችው፤ ከግፊቱ ክኒን አንዲት ብቻ ቀርታዋለች። ማኅሌት አሁን ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ጾሙንም በልኩ ጀምሯል፤ በሽሮ፣ በምስር፣ በስልጆ። ነገር ግን አንድ ጊዜ "ድኛለሁ" ብሎ ቫይታሚኑን አራት ወር ተወው። እግሩ መደንዘዝ፣ ጉልበቱ መክዳት ሲጀምር ነው የደወለው። ደሙ ሲታይ አንደኛው ቫይታሚን አልቆ ነበር፤ መርፌ ተወጋ። "ዕድሜ ልክ ብዬዎት ነበር" አለችው ዶክተሯ። "ዕድሜ ልክ ስትይ ይሄን ያህል ይረዝማል አላልኩም ነበር" አላት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለም።

ባለፈው ኅዳር ከኩልመስክ ገለቴ የምትባል ነጋዴ ሴት ዝናውን ሰምታ ሱቁ መጣች። እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። ከተቀመጠችበት ለመነሣት ጉልበቷን የምትይዝ፣ ሳቂታ ሴት ናት።

"አያ የሻው፣ ያን ሐኪም አሳየኝ። ቶሎ ነው የምፈልገው።"

"ምን አስቸኮለሽ?"

"ልጄን በሁለት ወር ውስጥ ልድር ነው። ያሰፋሁት ቀሚስ አልገባ አለኝ።"

የሻው ከልቡ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። "እቴ ገለቴ፣ ለሠርግ ከሆነ ቀሚሱን አምጪልኝ፣ ከጎኑ ከፍቼ አሰፋልሻለሁ። ጨጓራ ለአንድ ቀን አይጠበብም። በሽታስ አለብሽ?"

ሳቋ ቀነሰ። ስኳር እንዳለባት፣ ደረጃ መውጣት እንዳቃታት ነገረችው። የሻው የስፌት መኪናውን ትቶ ዞረና አንድ ሰዓት ያህል አወራት። አድርጊ አላላትም፣ አታድርጊም አላላትም። ስለ ፀጉሩም፣ ስለ ጓሮው ትውከትም፣ ሌሊቱን ስለመተኛቱም ነገራት። "ልጅሽን ዳሪ፣ ተደሰቺ። ከዚያ ተመርመሪ። ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ፤ እውነቱን የሚናገርብሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ።"

ሠርጉ አለፈ፤ ቀሚሱ አማረባት አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ገለቴ ከእኅቷ ጋር አዲስ አበባ ልትሄድ መጣች። ከእኔ ሱቅ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ገዛች፣ ሐኪሟን የምትጠይቀውን ልትጽፍ። እሷ ትናገራለች፣ እኅቷ ትጽፋለች፣ የሻው በግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይጨምርበታል። ዐሥራ አንድ ጥያቄ ሆነ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

"ጻፊ" አለቻት እኅቷን፣ ፍጹም ከልቧ። "ጠላ ጠምቄ ነው የምሸጠው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠላ ክልክል ከሆነ፣ ሳልቀምሰው ደረሰ አልደረሰ እንዴት አውቃለሁ?"

"ይቺን እኔም አላውቃት" አለ የሻው። "መልሱን ግን ስትመለሺ ንገሪኝ።"