የዓርብ ቃላት

ገሪማ ዲላ ገበያ ዳር፣ ከኮርቻ ሰፊው ከባልቻ ዳስ አጠገብ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ከመንዝ የመጣው ከታናሽ ወንድሙ ከከፈለኝ ጋር ነው። ገሪማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን ዲቁና ላይ አቋርጦ ብዕር ያዘ፤ ከፈለኝ ግንበኛ ሆነ።

ጣሊያን በገባበት ዓመት ገብረኪዳን የሚባል፣ ኤደን ወደብ ከእንግሊዞች ጋር ሠርቶ የተመለሰ የቡና ነጋዴ ጸሐፊ፣ ታሞ ሊሞት ሲል አንድ ደብተር ሰጠው። አራት መቶ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በእኛው ፊደል ተጽፈውበታል፤ ፍቺያቸውም ከጎናቸው አለ።

"እንግሊዝ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም" አለው ገብረኪዳን። "ያን ጊዜ ለዚህ ከተማ አፍ የምትሆነው አንተ ነህ።"

ገሪማ ማጥናት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዳዊትን ባጠናበት መንገድ። ቃላቱን እንደ መዝሙሩ ለሰባቱ ዕለታት አካፈላቸው። ለሰኞ የሰውነት ክፍሎች፣ ለማክሰኞ የቤት እንስሳት፣ ለረቡዕ የገበያ ዕቃ፣ ለሐሙስ መንገድና ሥራ፣ ለዓርብ ዘመድ አዝማድ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአየሩ ጠባይና ቁጥሩ። ጧት ጧት እህል ሳይቀምስ የዕለቱን በለሆሳስ ይደግማል። አንዱ ቃል ቀጣዩን እየጎተተ ይመጣል። እንግሊዝኛ ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ሰምቶ አያውቅም።

"ለመሆኑ ዶሮ በእንግሊዝኛ ምን ትባላለች?" ይለዋል ባልቻ፣ በሰም ያሸውን ክር በጥርሱ እየሳበ።

ገሪማ ዓይኑን ጨፍኖ ከማክሰኞ መጀመሪያ ይነሣል። ላሟን፣ በሬውን፣ ጥጃውን፣ በጉን፣ ፍየሉን፣ አህያውን በተራ ያሳልፋል። ከዚያ "ቺክን" ይላል።

"አንተ እስክትደርስ ጭልፊት በልቷት አደረ።"

በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ጣሊያንና እንግሊዝ ሲዋጉ፣ የእንግሊዝ ጽሑፍ የተገኘበት ሰው ይታሰራል ተብሎ ተወራ። ሚስቱ ወለላ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ገሪማ ቆሞ አየ እንጂ አልተቆጣትም።

"በቃሌ ነው ያለው" አላት።

በዓመቱ እንግሊዞች ዲላ ገቡ። ከፈለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በወናጎ መንገድ ላይ ለጣሊያን ድልድይ ሲገነባ ከርሞ ነበር፤ ለመንገድ ሠራተኛ የታደለ፣ የወታደር የሚመስል ካኪ ካፖርትም ነበረው። ግንቦት 19 ቀን ዝናብ ስለነበር ያንን ካፖርት ለብሶ፣ መዶሻውንና መሮውን ሊያመጣ ጣሊያኖች ሸሽተው ወደ ተዉት ሰፈር ሄደ። እዚያ የተደበቁ ባንዳዎች ሲለቀሙ እሱም አብሮ ተለቀመ።

የከፈለኝ ሚስት አሰፋች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በጭቃው እየሮጠች ገሪማ ዘንድ መጣች።

"ጋሼ፣ ይነሡ። ከፈለኝን ከባንዳ ቆጥረው ካሚዮን ላይ ሊጭኑት ነው።"

"አስተርጓሚ አላቸው አይደል?"

"ካለቃው ጋር ቡሌ ወጥቷል፤ የሚመለሰው ነገ ነው። ካሚዮኖቹ አሁን ወደ ሞያሌ ሊወርዱ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያደርሷቸው ማን ያውቃል? ይህን ሁሉ ዓመት ሲያነበንቡ የኖሩት ለዛሬ አይደለም እንዴ?"

ባልቻ ወስፌውን አኖረ። "ሦስት ቃል ይበቃሃል። ወንድም፣ መንገድ፣ ሥራ። በጣትህ አሳየውና እነዚህን በለው። ሂድ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?"

መንገድና ሥራ ሐሙስ ውስጥ ናቸው፤ ወንድም ዓርብ ውስጥ። ገሪማ እየሄደ የዓርብን መነሻ ፈለገ፤ አጣው። በሐሙስ በኩል ሊገባበት ሞከረ፤ ሐሙስም ያለ ረቡዕ አልመጣ አለው። አሰፋች ከጎኑ "ቶሎ፣ ቶሎ ጋሼ" ትላለች።

ሜዳው ላይ ሦስት ካሚዮኖች ቆመዋል። ከፈለኝ ሁለተኛው ላይ ነበር። "አያ!" ብሎ እጁን አነሣ፤ ወንድሙ መጥቷልና ፊቱ ፈካ አለ።

ፀጉሩ የበቆሎ ጢም የመሰለ መኮንን በሸራ ጥላ ሥር ይጽፋል። ገሪማ እጅ ነሣ። መኮንኑ አንድ ነገር ተናገረ። ቃላቱ ተያይዘው እንደ ውሃ ፈሰሱ፤ ገሪማ አንዱንም ለይቶ አላወቀውም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሰኞ ተነሣ።

"ሄድ" አለ። "ሄር። አይ። ኢር። ኖዝ። ማውዝ። ቱዝ።"

መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠ። ገሪማ አንገትን፣ ደረትንና ሆድን ሲጠራ የሰውዬው ፊት በሐዘኔታ ለዘበና ሐኪሙን ጠራ። ገሪማ በሽተኛ እንደመሰላቸው ገባው። ሁለተኛውን ካሚዮን በጣቱ አሳየ። መኮንኑ ጭኑኝ ያለው መስሎት በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፤ ባዶ ሳጥን ላይ እንዲቀመጥ አመለከተው። ገሪማ ተቀምጦ ፍጥነቱን ጨመረ። ሰኞን ጨርሶ ማክሰኞን ሲጀምር ሐኪሙ የትኩሳት መለኪያ ብርጭቆ ከምላሱ ሥር አስገብቶ አገጩን በሁለት ጣቱ ዘጋው።

ገሪማ ብርጭቆውን መትፋት አልደፈረም። የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ቢሰበርስ? ቁጡ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ይጮህ ነበር። እነሱ ግን ትከሻውን ይዳብሱታል። ከንፈሩን ገጥሞ በልቡ መድገሙን ቀጠለ። ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ መጣ፤ ሮድ፣ ብሪጅ፣ ስቶን፣ ወርክ። ሞተሮቹ ተነሡ። አሰፋች ከወዲያ ስትጮህ ሰማ። ፋዘር፣ ማዘር...

"ብራዘር" አለ፣ ብርጭቆውን አውጥቶ ብድግ ብሎ።

ሁለተኛው ካሚዮን ወደ ወናጎ በሚያወርደው መታጠፊያ ተሰውሯል። ሐኪሙ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብሎ አየው፤ ሁለት ነጭ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው።

አሰፋች መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ተቀምጣለች።

"እርስዎ ምን አሏቸው?"

"ራስ። ፀጉር። ዓይን። ጆሮ..."

"ስለ ከፈለኝስ?"

"ገና አልደረስኩም ነበር።"

በማግስቱ አስተርጓሚው ተመለሰ። ሁሉን በትዕግሥት ሰምቶ የከፈለኝን ስም ጻፈ፤ ወረቀቱም በሚቀጥለው ካሚዮን ተላከ። መልስ አልመጣም። ገሪማ ሌላ ሦስት ማመልከቻ ጻፈ፤ በሦስቱም ላይ ድልድዩ የት እንደሆነ፣ ከፈለኝ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሠራበት አንድ ሳያስቀር አስፍሯል። በሁለተኛው ዓመት ከእስር የተፈታ አንድ ሰው ዲላ መጥቶ፣ ከፈለኝ በሞያሌ መንገድ ላይ፣ ሜጋ ሳይደርሱ በወባ መሞቱን ተናገረ።

"በየትኛው ቀን?" አለው ገሪማ።

"መንገድ ላይ ማን ቀን ይቆጥራል፣ ወንድሜ?"

ለሙት ዓመቱ ቀን ያስፈልግ ነበር። ካህኑ ጠየቁ፤ አሰፋችም ገሪማን አየችው። ከዚያ ራሷ መለሰች።

"ግንቦት 19 ይሁን" አለች።