ጥርሱን አንጥቶ ይምጣ

በእኛ ጊዜ ሐረር ውስጥ ሴት ልጅ ሲድሩ የወንዱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። የእህቴ ልጅ ተራ ሲደርስ ግን ዘሩን የጠየቀ የለም፤ የታየው ጥርሱ ነው።

ልጁ ሾፌር ነበር። ከሐረር ድሬዳዋ የጭነት መኪና ይነዳል። ያደገው ቆላ፣ መተሐራ በኩል ነው። ጥርሱ ሻይ ተረስቶበት የሰነበተ ብርጭቆ ይመስላል። የወደዳት ልጅ ደግሞ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ የሚኖሩ የደህና ክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ናት። ሽማግሌ ላክን። አባትየው ሽማግሌዎቹን በር ላይ በደንብ ካስቆሙ በኋላ፣

“ለጫት ቃሚ ልጄን አልሰጥም። ጥርሱን አይቻለሁ” አሉ።

“ኧረ ጌታዬ፣ ቅሞ አያውቅም። ያደገበት አገር ውሃ ነው እንዲህ ያደረገው።”

“ውሃ ያጠራል እንጂ ያጠቁራል? ደግሞ ሾፌር ሆኖ የማይቅም! ጥርሱን አንጥቶ ይምጣ። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ጠያቂ አለ።”

ሽማግሌዎቹ ይህን ተሸክመው ተመለሱ። ልጁ ሲሰማ እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እጁን ሳያስቀድም ሲስቅ አላየሁትም።

ተያይዘን ሸዋ በር ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄድን። ያኔ ከጅቡቲ የሚገባ የጥርስ ሳሙና መታየት ጀምሮ ነበር። ባለሱቁ በቱቦ ያለውንና በቆርቆሮ ያለውን ዱቄት አወጣልን። ቆርቆሮው ላይ የተሣለው ሰውዬ ድዱ እስኪታይ ይስቃል። ቡና የሚባል ነገር አፉ የገባ አይመስልም።

“የትኛው ነው የሚያነጣው?” አልኩ።

“ሁለቱም ያነጣሉ እናቴ።”

“ሁለቱም ካነጡ ለምን ሁለት አመጣህ?”

“አቦ እናቴ፣ ሰው ይመርጣላ!”

“አንተስ በየትኛው ነው የምታጥበው?”

“እኔማ በመፋቂያ ነው” ብሎ ጥርሱን አሳየኝ። የሱ ከሥዕሉ ይሻላል።

ላዩ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው። እኔ የአገሬንም ያኔ አላውቅ፤ ባለሱቁም ከእኔ አይሻልም። ስለዚህ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አውጥቼ በጣቶቼ መሀል አሸሁት። የቱቦው እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ዱቄቱ ይሻክራል፤ ግን ልም ነው። ጥርስ ማንጣት የሚሉት ነገር ተአምር የለበትም፤ ድስት በአመድ እንደ መፈግፈግ ነው። የሚሻክረው ነገር ከላይ የተለጠፈውን እድፍ ይፍቃል። ከመጠን በላይ ከሻከረ ግን እድፉ ሲያልቅ ጥርሱን መብላት ይጀምራል። ዱቄቱን መረጥኩና፣ “ቀስ አድርገህ እሸው” አልኩት።

ማን ይሰማል? ፍቅር የያዘው ሰው ጥርሱን እንደ መኪና ጎማ ይፈገፍግ ጀመር። ጭራሽ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ “ሎሚ ጨምርበት” ብሎት ጨመረ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ከመቀመጫው እስኪዘል ድረስ ያመው ጀመር። ጾሙ ሲጋመስ ድዱ ይደማል፤ ጥርሱ እንዳለ አለ።

“አክስቴ፣ ላስነቅለው እንዴ? ወርቅ አስተክላለሁ።”

“የፊቱን በሙሉ?”

“እሷን ከማጣ ጥርሴን ልጣ።”

ቆርቆሮውን ነጥቄው እቤቴ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ቤቴ ፈላና በር የሚባለው ሰፈር ነበር። ጎረቤቴ ጫት ትሸጣለች፤ ከሸጠችው የቃመችው ይበልጣል። ጥርሷም ይመሰክርባታል። ቆርቆሮውን አይታ፣ “ይሄ የሚስቅ ካፊር ምን ይሠራል?” አለችኝ። ነገርኳት። “እስቲ እኔም ሙሽራ ልሁን” ብላ ይዛው ሄደች።

ጥቂት ቀን ቆይታ መጣች፤ በሬ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች።

“ማሻአላህ በይ!”

አልኩ፤ ምን እላለሁ? የስንት ዓመት ጫት ተጠርጎ ሄዷል። ባል የምትፈልገው እሷ ትመስል ነበር።

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። የሷ ከላይ የተቀባ ነው፤ ሲያሹት ይለቃል። የልጁ ግን ጥርሱ ሲያድግ አብሮ የበቀለ ነው፤ ቢፍቁት ከሥሩም ያው ቀለም ነው። እህቴን ልጠይቅ ቆላ ወርጄ ስዞር፣ የጫት ቅጠል አይተው የማያውቁ ሕፃናት ሁሉ እንዲያ ያለ ጥርስ ሲያበቅሉ አይቻለሁ።

“ተነሺ፣ እንሄዳለን” አልኳት።

ልጁን መሀላችን አድርገን አባትየው ቤት ገባን። ጎረቤቴ ቆርቆሮውን ፊታቸው አስቀመጠች፤ ለሰላምታ እንኳ ጊዜ አልሰጠቻቸውም።

“አባቴ፣ እኔን ይዩኝ! ጫት ስቅም ያረጀሁ ነኝ፣ ወላሂ። በዚሁ ዱቄት ነው የለቀቀልኝ። ይሄ ልጅ ድዱ እስኪደማ አሸ፤ ጫት ቢሆን ኖሮ አይለቅም ነበር? ደግሞ ከእኔ አንድ እስር ገዝቶ አያውቅም፤ የሚያውቀኝ ሾፌር ሁሉ ከእኔ ሲገዛ!”

አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ። የሷን አፍ አዩ። ልጁን ወደ መስኮቱ ወስደው ጥርሱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ልጁ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል።

“ኧረ እርስዎ፣ በቅሎ እየገዙ ነው?” አሉ ሚስትየው ከጓዳ።

ከጓዳው ሳቅ ተሰማ፤ የልጅቱ ነው። አባትየው ተቀመጡና ቆርቆሮውን አነሱት፤ አገላብጠው አዩት።

“ይሄ... የሲጋራም ያለቅቃል?”

ያን አፋቸውን የሸፈነውን ትልቅ ጺም ለምን እንዳሳደጉት ገባኝ።

“ይሞክሩት አባቴ” አለች ጎረቤቴ፤ “ግን ቀስ ብለው።”

ቆርቆሮውን አጠገባቸው አስቀመጡ። ከዚያ ልጁን ሳያዩ፣ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡ።

“ልጆቻቸውን ግን እዚያ ቆላ አያሳድጉም! የልጅ ልጆቼ የሐረርን ውሃ ነው የሚጠጡት።”

“የማን ልጆች ጌታዬ?” አልኩ።

“የነሱ ነዋ! የማን ይሆናል?”

“ውሃው ከተገኘ ነው እንግዲህ” አለች የሐረርን የውሃ ችግር የምታውቀው ጎረቤቴ።

ልጁ እጁን ረስቶት ሳቀ።