ድምፅ የሌላት ካሜራ በሴቶቹ ክፍል

መጀመሪያ ያኮረፈኝ ቀኝ ትከሻዬ ነው። ጠዋት ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ከፍ ሳደርግ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ ማታ በዚያ ጎን መተኛት ቀረ። ሐኪሙ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ የሠርግ ፎቶ እንደማነሳ ነገርኩት። «ሌላ ሥራ የለሽም?» አለኝ። ሌላ ሥራ ቢኖረኝ ምን ቆርጦኝ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ! ከባድ ዕቃ እንዳልሸከም፣ እጄን ከትከሻዬ በላይ እንዳላደርግ መክሮ፣ ቅባት ጽፎልኝ ሸኘኝ። የሠርግ ፎቶ እጅን ከፍ ሳያደርጉ እንዴት እንደሚነሳ ግን አልነገረኝም።

ካሜራዬ ትልቁ፣ በሆዱ ውስጥ መስታወት ያለው ዓይነት ነበር። ቁልፉን ስጫነው መስታወቱ ብድግ ብሎ ሲመለስ «ቀጭ!» ይላል፤ ያን ድምፅ ከበሮ እንኳ አይውጠውም። ሌንሱና ፍላሹ ሲጨመርበት ዓመት የሞላው ሕፃን አዝሎ እንደ መዋል ነው፤ ሕፃን እንኳ አንዳንዴ ይተኛል። በሐረር ግንብ፣ በጀጎል ውስጥ ደግሞ ባጃጅ እስከ ደጃፍ አያደርስም። በሩ ላይ ያወርደኝና ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክሜ ዳገትና ቁልቁለቱን፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከክሁ እሄዳለሁ። ሠርገኞቹ ቤት ስደርስ ሥራው ገና ሳይጀመር እኔ አልቄያለሁ።

ዕረፍትም የለውም። ክርስቲያኑ ለዐቢይ ጾም ሠርግ ሲያቆም ሙስሊሙ ረመዳን ሳይገባ ልጆቹን ለመዳር ይጣደፋል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ የተያዘው የክርስቲያኑ ሠርግ ይጠብቀኛል። የሁለቱ ጾም የገጠመ ዓመት ብቻ ነው እንደ ሰው እሑድን የማርፈው።

እኔ ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ያደግሁ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ያለው ከግንቡ ውስጥ ነው። የሙስሊም ሠርግ ላይ ሴቶቹ ለብቻቸው ይሰበሰባሉ። ወንድ ዝር አይልም፤ ወንድ ፎቶ አንሺማ ጭራሽ አይታሰብም። ሂጃቡም ሻርፑም ይወልቃል፣ ይጨፈራል። ስልክ በር ላይ በዘንቢል ይሰበሰብና አንዷ አክስት ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ከእኔ ካሜራ በቀር ሌላ ዓይን አይገባም። ፎቶው ለሙሽራዋ ብቻ ይሰጣል፤ ለባሏ ወንድም፣ ለጎረቤት፣ ለማንም አይታይም። «አማና ነው» ይሉኛል፤ አደራ ማለታቸው ነው። የወንዶቹን ሠርግና የእኛን የቤተ ክርስቲያኑን የሚያነሳ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ክፍል የምንገባ ግን በጣት የምንቆጠር ነበርን። ያ ክፍል ከተዘጋብኝ ሥራዬ ተዘጋ ማለት ነው።

ሸዋ በር አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ እሱ የወንዶቹን ወገን፣ እኔ የሴቶቹን እያነሳን ብዙ ሠርግ አብረን ሠርተናል። መስታወት የሌላትን አዲሷን ካሜራ መጀመሪያ ያየሁት እሱ እጅ ላይ ነው። የልጅ መጫወቻ ታህላለች።

«አቦ ይህን ሲሚንቶ ጣይው!» አለኝ ትከሻዬን ሳሽ አይቶ። «ዲኤስኤልአር አበቃለት። ሚረርለስ ያዢ፣ ዕድሜሽ ይረዝማል።»

«ባትሪዋ ግማሽ ቀን አይቆይም አሉ።»

«ትርፍ ይዘሽ መሄድ ነዋ።»

«መብራት በጠፋ ቀን የት ልሞላው?»

«ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ጄኔሬተር ያለበት ሁሉ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በእኛ ከተማ መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ አሮጌው ካሜራ ግን በአንድ ባትሪ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ቢበላሽ ከፍቶ የሚያየው ሰው አይጠፋም፤ አዲሷን ለመክፈት የሚደፍር ማንም አልነበረም። ሌንስ ስቀይርም ሆዷ ክፍት ነው፤ የሐረር አቧራ ደግሞ ክፍት ነገር ይወዳል። በዚያ ላይ የሙሽራ ወገኖች ካሜራን የሚመዝኑት በዓይናቸው ነው። ትልቅ ይዘሽ ካልመጣሽ «ለዚህች ነው የጠራንሽ?» የሚል አጎት ከየሠርጉ አይጠፋም።

ወዳጄ ግን እውነቱን ነበር። አዲሷ በጨለማ ታያለች። ጀጎል ቤቶች ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ በአሮጌው ስሠራ ግምት ነበር፣ እሷ ግን ፎቶው ምን እንደሚመስል ገና ሳላነሳው መመልከቻዋ ላይ ታሳየኛለች። የሰውን ዓይን ፈልጋ ምስሉን ራሷ ታጠራለች። ክብደት የላትም፤ ድምፅም የላትም።

አንድ የሠርግ ወቅት ሙሉ ሳመነታ ቆየሁ። ልቤ የቆረጠው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሙሽሮቹ ቀለበት ሊያደርጉ ሲሉ ካሜራውን ከፍ አደረግሁት፤ ክንዴ ተንቀጠቀጠና ራሱ ወረደ። ቀለበቱ ገባ። እኔ ያነሳሁት የቄሱን ጫማ ነው። ያን ቀን ማታ ዱባይ ላለች ዘመዴ ደወልኩላት፤ አዲሷም በሰው እጅ መጣችልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሠርግና ምላሽ ነበሩ። ቅዳሴ መሀል «ቀጭ» ባልኩ ቁጥር በዓይናቸው የሚገርፉኝ ቄስ መኖሬንም ረሱ። ማታ ቤት ስገባ ትከሻዬ አለ፤ ፀጉሬን አበጠርሁ፣ ሳቅሁ፣ ለራሴም ጎሽ አልኩ።

ከዚያ ፈላና በር በኩል፣ ከግንቡ ውስጥ አንድ ሠርግ ተጠራሁ። የጠሩኝ የሙሽራዋ አክስት ነበሩ። በዕድሜ የገፉ፣ ቤቱን ሁሉ በቅንድባቸው የሚያዙ፣ ብዙ ልጆች የዳሩና ለብዙ ቤት እኔን ያስጠሩ ሴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ሴቶቹ ቀይ አፈር በተቀባው የቤቱ መደብ ላይ እንደየዕድሜያቸው ተደርድረው በእንጨት ማጨብጨቢያ እያጀቡ ይዘፍናሉ። ካሜራዋን አንስቼ ገባሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። የአንዷ ፀጉር መሸፈኛ ሸርተት አለ፣ አንዷ ጡቷን ለልጇ ሰጠች፣ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደ ኮረዳ ጨፈሩ። እማማ እንኳ ሻርፓቸውን አውልቀው፣ ያ ኩሩ ፊታቸው ተፈትቶ፣ የወለቀ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ አነሳኋቸው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ምሳ ላይ እማማ ጠሩኝ። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ አታነሺም እንዴ?»

ኩራት ይዞኝ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ካሜራዋን ከፍቼ አሳየኋቸው። የራሳቸውን ሳቅ ሲያዩ ካሜራዋን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። መጀመሪያ የወደዱት መሰለኝ።

«ይህን መቼ አነሳሽው?»

«አሁን፣ ሲዘፍኑ ነዋ።»

«አልሰማሁሽም እኮ።» ወደ አጠገባቸው ሴት ዞሩ። «አንቺ ሰምተሻታል?»

«ወላሂ አልሰማሁም» አለች እሷም፣ እጇ ፀጉሯ ላይ ሄደ። ወሬው በመደቡ ላይ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት፤ ሻርፕ ከየአቅጣጫው ወደ ራስ ወጣ። ዘፈኑ ቆመ። «አስተግፊሩላህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ግድ አልነበረኝም።

እማማ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ በፊት ስታነሺ እንሰማሽ ነበር» አሉኝ። «የሰማች ትሸፈናለች፣ ያልፈለገች እኔን አጥፊኝ ትልሻለች። ደስ ያላት ትተዋለች። አሁን ግን በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆንሽብን። አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም፤ ይቺ ካሜራሽ ግን አማና አታውቅም።»

ተቀምጬ አጠፋሁ። ሴቶቹ ተራ በተራ አጠገቤ እየተቀመጡ «ይሄ ይጥፋ፣ ይሄም» ይሉኛል፤ እኔም እጫናለሁ። የእማማ ሳቅም ሄደ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለስንት ዓመት ያን ሲሚንቶ ተሸክሜ ስዞር ሴቶቹ ያመኑት እኔን ብቻ አልነበረም። ጩኸቱንም ነበር።

ለወዳጄ ነገርኩት። «ድምፅ እንድታወጣ አድርጊያታ፣ ይቻላል እኮ» አለኝ። አደረግሁ። የምታወጣው ድምፅ ሰዓት ከሚያወጣው አይበልጥም፤ በከበሮና በእልልታ መሀል ማን ይሰማታል! የሚቀጥለው ሠርግ እንደቀረብኝ ተነገረኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን በአሮጌው ካሜራ ሠራሁና ማታ ቀሚሴን ለማውለቅ እህቴን መጥራት ግድ ሆነ። በትልቁ ብሠራ ክንዴ ይሄዳል፣ በትንሿ ብሠራ ሴቶቹ ይሄዳሉ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሰሞን ደክሞኝ አያውቅም።

መላ ሲጠፋኝ እማማ ቤት ሄድኩ። የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር፤ ጂዳ ለሚኖር ሰው። ሥራ ልለምን እንደመጣሁ ገብቷቸዋል።

«እማማ፣ ትልቁን መሸከም አልቻልኩም» አልኳቸው።

አላመኑኝም መሰለኝ፣ ትከሻዬን በአውራ ጣታቸው ፈልገው ተጫኑት። ጮኽሁ።

«ያ አላህ! ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?» አሉ። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱና «እንግዲያው በካሜራሽ ፈንታ አንቺ ትናገሪያለሽ። ሳትናገሪ ግን አንድም አታነሺ» አሉኝ።

በልጃቸው ሠርግ ቀን እንዲያ ሆነ። ካሜራዬን ከፍ ሳደርግ «ላነሳ ነው!» እላለሁ። ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ሥራ የተመረጥሁትም አፌን ስለማልከፍት ይመስለኛል። ያን ቀን ግን ሸዋ በር ቲማቲም የምትሸጥ ሆንኩ። «ላነሳ ነው! በዚህ በኩል ላነሳ ነው!» ልጃገረዶቹ ወዲያው ቀልድ አገኙ፤ «ላነሳ ነው»ን አዝማች አድርገው በእንጨታቸው እያጨበጨቡ ዘፈኑብኝ። ሁሉም ሳቀ፤ ክፍሉም ተመልሶ የእኔ ሆነ። ፎቶው ግን አይወራ! በጮኽሁ ቁጥር ሻርፕ ይስተካከላል፣ አፍ ይገጠማል፣ ጀርባ ይቀናል። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የማነሳ መሰለኝ። እማማም ከጠዋት ጀምሮ እያዘዙ፣ እየቀለዱ፣ እየሳቁ ነበር፤ ያን ሳቅ ግን ላነሳ ስል ይዘጉታል። ከሰዓት በኋላ ድምፄ ሻከረ። ትከሻዬ ዳነ፣ ጉሮሮዬ ታመመ።

የሙሽራው ወገኖች ሙሽራዋን ሊወስዱ ደጃፍ ላይ ደረሱ ሲባል ባትሪዬ አለቀ። ለመቀየር ከዋናው ክፍል ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ዕቃ ቤት ገባሁ። ባትሪውን ቀይሬ ቀና ስል እማማን አየኋቸው። በሩዝ ጆንያዎቹ መሀል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መሸፈኛቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። የልጃቸውን አሮጌ የቤት ጫማ በሁለት እጃቸው ይዘው ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ። በበሩ የገባው ብርሃን ግማሽ ፊታቸው ላይ ነበር።

አላዩኝም። ካሜራዋን ወደ ዓይኔ አደረግሁ፤ ዓይናቸውን አግኝታ አጠራችው። አንድ ጣት ነው የሚቀረው። አይሰሙም፤ ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ እንደ ቀኑ ሁሉ ፊታቸው ይዘጋል፣ እኔም ሌላ ጉርድ ፎቶ ይዤ እወጣለሁ። ደክሞኛል፤ ሙሉ ቀን ጮኼ አንድ እውነተኛ ፊት አላገኘሁም፤ ልጅቷ ነገ በአውሮፕላን ትሄዳለች። ጣቴን ለመጫን ምን ያህል እንደፈለግሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ላነሳ ነው» አልኩ። ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር እንደ ሹክሹክታ ነው የወጣው።

ቀና አሉ። እጃቸው ወደ መሸፈኛቸው ሄደ፤ እኔም ካሜራዋን ዝቅ አደረግሁ። ልወጣ ዞር ስል «ቆዪ» አሉኝ። መሸፈኛውን ጭናቸው ላይ መልሰው ተዉት። እንባቸውን አልጠረጉም።

«አንሺኝ» አሉ። «ለሷ ብቻ ስጪያት። ቀኑን ሙሉ ስስቅ ነው ያየችኝ፤ ደስ ብሎኝ የሸኘኋት እንዳይመስላት።»