ዝናብ እንዳይዘንብ የለመንኩበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ፣ ሰሜን ኬንያ ባለችው ኡራን መንደር ውስጥ ዝናብ እንዳይዘንብ የሚለምን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሳወራው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን በቂ ምክንያት ነበረኝ።

አባቴ ከኢትዮጵያ ተሰዶ የመጣ፣ በከብት ጫኝ መኪና ላይ በረዳትነት የሚሠራ ሰው ነበር። እናቴንና እኔን ኡራን ላይ ሻይ ቅጠልና ስኳር የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍቶልን፣ እሱ ወደ ናይሮቢ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከመኪናው ጎን ተንጠልጥሎ፣ «ዝናብ ሲገባ እመጣለሁ» አለኝና ሄደ።

ከሱቃችን ጀርባ አባባ ጉዮ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ቀርተዋል። አማርኛውን የለመዱት በጎልማሳነታቸው ከብት እየነዱ ከድንበሩ ማዶ ኢትዮጵያ ገበያ ሲመላለሱ ነው። በየበጋው የኩሬያችንን መሃል የሞላውን ደለል ቆፍረው የሚያወጡትም እሳቸው ነበሩ። ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ እናቴ ሱቁን እስክትዘጋ ድረስ፣ ዓይን የሚቆጠቁጠውን የኩበት ጭስ ታግሼ እሳታቸው ዳር እቀመጥ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች በዚያ ሰዓት ከአባቶቻቸው ጋር ስለሚሆኑ የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

የአባባ ጉዮ ተረት የጅብና የቀበሮ አልነበረም። ከኩሬው ያመጡትን እርጥብ ጓል እንደ ዳቦ በቢላዋ ቆርጠው ወደ ኩራዙ ያስጠጉና ከታች ወደ ላይ ይተርኩልኝ ነበር። ሻካራው አሸዋ ጎርፉ እየጋለበ የገባበት ነው፤ በላዩ የተኛው ለስላሳ ጭቃ ደግሞ ውሃው ደክሞት ያረፈበት፤ ያቺ ጥቁር መስመር ግጦሹ ተቃጥሎ አመዱ የታጠበበት ክረምት ናት። አንድ ምሽት አባቴ የሚመጣበት ዝናብ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ያ ገና አልመጣም አሉኝ።

ያኔ ዝናቡ ቀረ። ቀጣዩም ወቅት እንዲሁ አለፈ። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ እኔ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዝናብ ካልመጣ አባቴ ቀረ ማለት አይቻልማ! እናቴ አጠገብ ተኝቼ፣ ደመናውን ወዲያ አድርግልኝ እያልኩ በየቀኑ እለምን ነበር። የአባባ ጉዮ ላሞች አንድ በአንድ አለቁ። ወተቷን በጣሳ የሚልኩልን የመጨረሻዋ ላም የወደቀች ዕለት እሳታቸው ዳር ተረት አልነበረም። ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ። እኔም መሸከሙ አቃተኝና እያለቀስኩ የለመንኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

አልተቆጡኝም። በማግስቱ እጄን ይዘው ወደ ደረቀው ኩሬ ወሰዱኝና፣ ውሃ ፍለጋ ከደለሉም አልፈው ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ በመሰላል አወረዱኝ። በግድግዳው አናት ላይ የዚያ ዓመት ስንጥቅ ነበር፤ ጭቃው ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ነፋስ ቀይ አሸዋ ሞልቶበታል። ዝቅ ብሎ ሌላ ስንጥቅ፣ ከሱ በታች ደግሞ እጄ የሚገባበት ሰፊ ስንጥቅ። ከሁሉም በታች ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተደርድረዋል።

«ይኼ ድርቅ አባቴ ሳይወለድ ነው» አሉኝ በጣታቸው እየነኩ። «ያ ደግሞ እዚህ አገር ሰው ሳይኖር። በቀንድ አውጣው ጊዜ እዚህ ሐይቅ ነበር። እሱም ደረቀ። ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ አንቺ ለምነሽ ነው?»

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ፤ ግን ወዲያው ሌላ ፍርሃት ገባኝ። የኔ ልመና ዝናቡን ካላስቀረው፣ ዝናቡም አባቴን ላያመጣው ነው። ጠየቅኳቸው።

«ዝናቡ ይመጣል» አሉ። «አባትሽን ግን አላውቅም።»

በዚያ ዘመን ስለ አባቴ እውነቱን የነገሩኝ ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዝናቡ መጣ። በየቀኑ መንገድ ዳር ቆሜ ጭቃ የያዛቸውን የጭነት መኪኖች ስቆጥር ከረምኩ።

አሁን ሞያሌ፣ ማንያታ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። አባባ ጉዮ ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። በቅርቡ የኡራንን ኩሬ በማሽን እየጠረጉት ነው ሲሉ ሰምቼ በሞተር ሄድኩ። ማሽኑ ዳሩን ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል። እንዳስተማሩኝ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። ከቀንድ አውጣዎቹ ተነስቼ ስንጥቅ በስንጥቅ ስወጣ፣ ቀይ አሸዋ የሞላባትን የኔን ዓመት አገኘኋት። ከዚያ ሁሉ ልቅሶና ልመና አንዲት ነጥብ እንኳ አልሰፈረባትም። መቼም አፈር የሰው ናፍቆት አይጽፍም፤ እኔ ግን ጣቴን ሰድጄ አሸዋውን ነካሁት።

የማሽኑ ሹፌር ዞር እንድልለት ጡሩንባ ነፋ። ከመሄዴ በፊት በስንጥቋ ላይ የተኛውን ጭቃ በእጄ ለካሁት። ሙሉ ስንዝር ነው። አባቴ የቀረ ዓመት ጥሩ ዝናብ ዘንቦ ነበር።