የተደገመው መርፌ

ቡጢ ይሉታል፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። አሥራ አንድ ዓመት በቦክስ መድረክ ላይ የሰው አፍንጫ ሲሰብር ኖሯል። አንድ ምሽት የተጋጣሚውን ግራ ዓይን አጠፋና ጓንቱን ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ የአረጋውያን ማዕከል ውስጥ ተቀጥሮ አቅመ ደካሞችን ያነሳል፣ ያጥባል፣ አልጋ ያነጥፋል። የድሮ ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ግን ሥራውን ወደደው፤ ከሁሉም ሰዓት ሠሪ የነበሩትን አዛውንት ወደደ። ያለ አባት ያደገ ሰው ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ እሳቸውን ሲያቅፍ ፊቱ ይበራል። «ቀስ በል እንጂ፣ ከረጢት መሰልኩህ?» ይሉታል ክንዱ ላይ ሆነው።

ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ መውደድ ነው። በዚያ ዓመት ለሠላሳ ሰው የሚበቃ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መጣ። የማዕከሉ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት፣ ራሷ ቀደም ብላ ጤና ጣቢያ የተከተበች፣ ሃያ አራቱን አረጋውያን ወጋች፤ ስድስቱን ለስድስቱ ሠራተኞች አስቀምጣ ለሥልጠና ሄደች። በማግስቱ ተተኪዋ ስትመጣ ቡጢ ቀደም ብሎ ባልደረቦቹን አሳምኗል። ትልቅ ሰው እያለ እኛ ምን ቤት ነን፣ ለደካማ ይደገምለት እንጂ። ለትልቅ ሰው ሾርባ እንደሚጨመረው ማለት ነው። «እኛ ተወግተናል፤ የቀሩት እነዚህ ስድስቱ ናቸው» ብሎ ዋሻትና ሰዓት ሠሪውን ጨምሮ የስድስት አረጋውያንን ክንድ ገልጦ አስደገመላቸው። ሲስተር ተመልሳ «ሁላችሁም ተወጋችሁ?» ስትልም «ሁላችንም» አላት።

በወሩ ቡጢን ራሱን ትኩሳት አነደደው። ሰው እንደዚያ ሲደበድብ የኖረ፣ በጉንፋን ተኛ መባልን አፈረ። እየሳለ አነሳ፣ እየሳለ አጠበ። በአንድ ሳምንት ሦስት አረጋውያን ሞቱ፤ ሦስተኛው ሰዓት ሠሪው ነበሩ። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እዚህ ግን እሱ ባላወቀ ያለቁት ሌሎች ናቸው።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት የሰዓት ሠሪው ልጅ መጣ። ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የመድኃኒት ክፍሉን በር አንድ ጊዜ በእግሩ ቢለው ማጠፊያው ተነቀለ። ሲስተርን በአንገቷ አንቆ ከመስታወት ቁም ሳጥኑ ጋር አላተማት።

«ውሃ ነው የወጋሽው። የተከተበ ሰው በጉንፋን ይሞታል? ተናገሪ።»

መስታወቱ ረግፎ ጆሮዋን ቆረጣት። ቡጢ ከመታጠቢያ ቤት እየሮጠ ሲደርስ ያየው ደሙን ብቻ ነው። በግራው ጎኑን አለው፤ በቀኙ አገጩን። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በሦስተኛው ሰውዬው ስብርባሪው ላይ ተዘረረ፤ ቡጢ ግን ጎንበስ ብሎ ለአራተኛው እጁን አነሳ። እጁ አልጠገበም ነበር።

«በቃህ፣ ትገድለዋለህ» አለች ሲስተር ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ።

ከዚያ ተንበርክካ ባነቃት ሰው አፍ ላይ ፋሻ ያዘች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «ስማኝ ወንድሜ፣ ውሃ አልነበረም። ያረጀ ገላ ክትባቱን እንደ ጎልማሳ ገላ አይቀበለውም። ብዙውን ያተርፋል፤ ሁሉንም ግን አያተርፍም።»

«ሁለቴ ቢወጉስ?» አለ ቡጢ ከኋላዋ።

«ደግመው ስለተወጉ እጥፍ አይጠብቃቸውም።» ዞር ብላም አላየችው። «ለዚህ እኮ ነው የሚያነሷቸውንና የሚያጥቧቸውን የምንከትበው። እኛ ላይ የተሻለ ይሠራል፤ በሽታው በእኛ በኩል እንዳይገባባቸው። እዚህ ደግሞ ሁላችንም ተከትበናል። ከየት እንደገባ እኔም ግራ ገብቶኛል።»

ቡጢ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ አምስቱ ባልደረቦቹ ለራሳቸው ሲሉ አይተነፍሱም። ሰውዬውም ወድቋል፣ ነገሩም አልቋል። ግን አባቱን የቀበረ ሰው እግሩ ሥር ደም እየተፋ፣ እንዴት ብሎ ዝም ይበል? ፊት ለፊቱ ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። አልተከተብኩም። ድርሻዬን ለአባትህ አስደገምኩላቸው፤ ከዚያ ታምሜም ከሥራ አልቀረሁም።»

ድንጋይ ጠራቢው ቀስ ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያው ምት ቅንድቡን ከፈተው። ሁለተኛው አፍንጫውን ሰበረው። ቡጢ እያንዳንዱን ምት ከትከሻው ሲነሳ ጀምሮ ያየዋል፤ ጎንበስ ቢል ያመልጠዋል። እጆቹን ከጭኑ ላይ አላነሳም። ሲስተር ዘበኛ ልትጠራ ሮጠች። ጎድን አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ።

ሰውዬው ትንፋሽ አጥሮት ቆመ።

«አባቴ ሲሞት ማን ነበር የያዘው?»

«እኔ።»

«አቅፈኸው?»

«አዎ።»

«እየሳልክ?»

«እየሳልኩ።»

ድንጋይ ጠራቢው እንደገና መምታት ጀመረ፤ አሁን ግን እያለቀሰ ነበር።