ሁለት ሳፖርት፣ አንድ ወንበር

ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ ለማወራው ጥፋት «አላወቀም ነበር» ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው እንዳይኖር ነው።

ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ ክፍል ስጨርስ የምሮጠው ከዚራ ሰፈር ወዳለች አንዲት ጌም ቤት ነበር። ድሬ ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ ታርፋለች፤ የእኛ ሰዓት ደግሞ ያኔ ነበር። ስድስት ነን። ጨዋታው አምስት ለአምስት የሚገጠም የኮምፒውተር ውጊያ ነው። አንዱ ዋና ገዳይ ይሆናል፣ ሌሎቹ መንገድ ይይዛሉ፣ እኔ ደግሞ ሳፖርት ነኝ። ሳፖርት ማለት ሰርግ ላይ ድንኳን የሚተክለው ሰው ነው። መብራት ተክሎ ጠላት የተደበቀበትን ያሳያል፣ ጓደኞቹን ያክማል፣ ካስፈለገም እነሱን አስመልጦ ራሱ ይሞታል። ሙሽራው ሌላ ነው።

ችግሩ ሳፖርቶቹ ሁለት መሆናችን ነው። ሁለተኛዋ ታይዋን ገበያ በእናቷ ሱቅ ጨርቅ የምትሸጥ ልጅ ናት። ተራ ገብተን አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ እየተጫወትን በሰላም ኖርን። ከዚያ አዲስ አበባ ውድድር አለ ተባለ፤ አምስት ሰው ብቻ፣ ተጠባባቂ የለም። እሷ ለአራት ቀን ፈቃድ እናቷን ስንት ሳምንት እንደለመነች ሁላችንም እናውቃለን። እኔም መሄድ እፈልግ ነበር፣ እንደ ሕፃን እፈልግ ነበር። ልጅ ሆነን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስንጫወት እኔ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ። በዕድሜዬ አንድም ሰው ለአንድም ቡድን መርጦኝ አያውቅም።

የቡድናችን አለቃ ዋና ገዳያችን ነው፤ የመልካ ጀብዱ ሰፈር ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ። እሱ ደግሞ ሰው ከሚያስቀይም ባጃጁን ቢሸጥ ይመርጣል።

«ቲቸር፣ አንተ የቁጥር ሰው አይደለህ እንዴ? በቁጥር ለየው አቦ! እኔን ከሰው አታጣላኝ» አለኝ።

ተወዳዳሪው ዳኛ ሆኖ ሲሾም ማንም ቅር አላለውም። የድሬ ሰው ሲያምን እንዲህ ነው።

ቤቴ ገብቼ፣ እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ የሞላው ሳፋ ውስጥ ነክሬ ሥራ ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ የቀረጻቸውን ሃያ ጨዋታዎች አየሁ፤ አሥሩ የእሷ፣ አሥሩ የእኔ። ስንት ጊዜ አገዘች፣ ስንት መብራት ተከለች፣ ስንቴ ሞተች እያልኩ ሰንጠረዥ ሞላሁ። አማካዩን አወጣሁ። እሷ በለጠችኝ።

ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። ስመለስ ሞት ቀላል ነገር አይደለም፣ ክብደት ሊሰጠው ይገባል የሚል ሳይንሳዊ ሐሳብ መጣልኝ። ሞትን በሁለት አባዛሁት፤ አሁንም እሷ። በሦስት አባዛሁት፤ እኔ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? እሷ ሰው አድናለሁ እያለች ቶሎ ቶሎ ትሞታለች። እኔ ግን ምስጋና ለፈጣሪ፣ ገና ውጊያው ሲሸተኝ የምሸሽ ሳፖርት ነኝ።

በማግስቱ ደረጃውን ከነሰንጠረዡ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ለወጉ ያህል ቀመሩን ከታች በደቃቅ ፊደል ጻፍኩ፤ ማን ያነበዋል ብዬ። ልጆቹ ወረቀት ሲያዩ ተረቱ። እሷ ግን ብዙ ቆማ ነበር ያነበበችው። ከዚያ ዞራ «መልካም ጉዞ፣ ቲቸር» አለችኝና ወደ ሱቋ ሄደች።

ከጉዞው በፊት ከሐረር ከመጡ ልጆች ጋር ለልምምድ ገጠምን። እሷ አልነበረችም። የተከልኩት መብራት ጠላት ባለ ባጃጁን ከኋላ እየከበበው መሆኑን አሳየኝ። «ተመለስ! ኧረ ተመለስ!» አልኩ። ዝም ብሎ ወደፊት ሄደና ሞተ። ቀጥሎ ሶማሊኛ ተናጋሪው ሞባይል ጠጋኛችን እንዲሁ ሆነ። እኔ አንዴም ሳልሞት ተሸነፍን። በእኔ ቀመር ቢሰላ ያን ቀን በዓለም አንደኛ ነበርኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩልህ እኮ!»

ሳቀ። «ዋላሂ እውነትህን ነው፤ ሰምቼሃለሁ። ግን እሷ በኦሮምኛ 'ደቢኢ!' ስትለኝ እግሬ ራሱ ይመለሳል። በአማርኛ ሲጮህብኝ ትራፊክ ፖሊስ ይመስለኛል፤ መከራከር ያምረኛል።»

«እኔን 'ሶ ኖቆ' ነው የምትለኝ» አለ ሞባይል ጠጋኙ።

እያንዳንዱን በእናቱ ቋንቋ ተመለስ ትለው ኖሯል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ያለ ማይክ በባዶ አፍ ስለምንጯጯህ ኮምፒውተሩ ድምፅ አይቀርጽም፤ እኔ የቆጠርኩት ድዳ ጨዋታ ነበር። እሷ የምትጫወት ቀን ቁጭ ብዬ ብመለከት ኖሮ እሰማው ነበር። ግን ክፍል አለኝ እያልኩ እቀራለሁ፤ ክፍል አልነበረኝም፣ ቅናት ነበር።

በቀጥታ ታይዋን ሄድኩ። ጨርቅ እየለካች አገኘኋት።

«ደረጃው ላይ ስህተት ተገኝቷል» አልኳት መምህር መምህር በሚሸት ድምፅ። «ድምፅ አልቆጠርኩም። የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

«ሞትን በሦስት ያባዛኸውስ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ላብ አጠመቀኝ። ሙቀቱ ነው እንዳልል ጥላ ውስጥ ነበርኩ። «አይተሽው ነበር?»

«ታች ጽፈኸዋል እኮ። በሁለት ሲባዛም ሞክሬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እናትሽን ያን ሁሉ ለምነሽ?»

የለካችውን አጥፋ ለደንበኛዋ ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«መሄድ በጣም ፈልገህ ነበራ፣ አቦ! እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላሳፍርህ?»

አፈርኩ። ዕንባዬም መጣ፤ ተማሪዎቼ ይህን ቢያነቡም ግድ የለኝም። አራት ቀኗን፣ አዲስ አበባዋን ትታ እኔን ከውርደት ሸሽጋኝ ነበር፤ እኔ ግን በትልቅ ፊደል ሁለተኛ ብዬ ለጥፌያታለሁ።