ያላፏጨሁት ፉጨት

ለዘመድ ለቅሶ አንኮበር በሄድኩ ቁጥር፣ ያቺ ራሷ ጥቁር፣ ሌላው ገላዋ ቢጫ የሆነች የደን ወፍ ከጥዱ ውስጥ ስታፏጭ ስሰማ አፌ ክው ብሎ ይደርቃል። የደን ጠባቂውን ካፖርት በዛፎቹ መሀል ያየሁ ዕለትም እንዲሁ ነበር የደረቀው።

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ክረምት እናቴ ደን አትገባም ነበር፤ ጭቃው ዱካ ይይዛል ትላለች። ጉሙ ተገፎ መሬቱ ሲደርቅ ግን፣ አባቴ ትቶላት የሞተውን ምሳር በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ በላይነሽ ጋር ጥድ ልትቆርጥ ትሄድ ነበር። መቁረጡ ክልክል ነው። እኔ ከመንገዱ በላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ጠባቂው ከመጣ እንደዚያች ወፍ ማፏጨት ነው ሥራዬ። ቤት ውስጥ ባፏጭ «ሴት ልጅ አታፏጭም» ብላ በጥፊ የምትለኝ እናቴ፣ ያን ፉጨት ቁርጥ ወፏን እየመሰለች ያስተማረችኝ ራሷ ነበረች። እትዬ በላይነሽማ አንድ ቀን ወንዱ ወፍ ሽማግሌ ይልክብሻል እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ዓመት በጋ ላይ፣ ጠባቂው ዱላውን ይዞ ከበታቼ ሲያልፍ ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግሜ መሞከር እችል ነበር፤ አልሞከርኩም። ካፏጨሁ ያየኛል ብዬ ፈርቼ፣ ከድንጋዩ በሆዴ ተንሸራትቼ፣ በኮሶ ዛፎቹ ሥር አቋርጬ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

እናቴ አመሻሽ ላይ ምሳሩን ተቀምታ፣ ነጠላዋ ተቀዶ መጣች። እትዬ በላይነሽ አምልጣ ኖሮ ደጃችን ላይ ጠበቀቻትና «ልጅሽ ተኝታልሽ ነበር እንዴ?» አለቻት። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዐይኔን ሰበር አደረግሁ።

«አፏጭታለች እቴ፤ ወፏ መስላኝ የዘገየሁት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ምሳር አልነበረንም። በቀጣዩ ክረምት ጭራሮ በእጇ እየሰበረች፣ መዳፏ እየደማ አነደደችልን። ለምን ዝም አልሽ ብላ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቀኝ፣ እኔም ሳልነግራት ሞተች።

ዛሬ ደብረ ብርሃን የልጆች እናት ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ፤ አጥፍታ ስትመጣ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ እጮህባታለሁ እንጂ፣ እናቴ እኔን እንደሸፈነችኝ መሸፈኑን አላውቅበትም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ትንሽ ቆጥሬያለሁ፤ ይህን ግን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ያን ዕለት በሩን ከዘጋሁ በኋላ ምንም አልነካኝም። እኔ በደህና ቤቴ ገብቼ ነበር። እናቴ ግን ገና ደን ውስጥ ነበረች።